ኬላ በሌለው ገበያ ግብር የሚከፍለው ማን ነው?

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ማለት የቆየ ምክር ነውና፤ ዛሬ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ስለ አንድ አዲስ ነገር ከመናገራችን በፊት ሥሩን ልንመለከት እንወዳለን። አዲሱ ነገር ዕቃን በስልክ መስኮት ዐይቶ፤ ገንዘብንም በስልክ ልኮ፤ ገበያ ሳይወርዱ መግዛት ነው። ይህ ዐይነት ግዥ በጎንደር ከተማ በፒያሳና በአራዳ፤ በአዘዞም፤ ከዚያም አልፎ በደጋው እስከ ዳባትና እስከ ደባርቅ ድረስ ከብዙ ቤት ገብቷል። ነገር ግን ዕቃው ከቤት በደረሰ ጊዜ በዋጋው ውስጥ የተከፈለው ግብር ወዴት እንደ ደረሰ የሚጠይቅ ቤተ ሰብ እጅግ ጥቂት ነው። ጥያቄው ግን የሹምና የነጋዴ ብቻ አይደለም፤ የቤት እመቤትም ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ገንዘቡ የሚወጣው ከእርስዋ መቀነት ነው።

እንደሚታወቀው ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ ብቻ ሳትሆን የነጋዴም መገናኛ ነበረች። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1636 ዓ.ም. ዐፄ ፋሲለደስ ከቈረቈሯት በኋላ፤ በምዕራብ በጭልጋ በኩል ወደ መተማና ወደ ስናር፤ በሰሜን ወገራን አልፎ የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርዶ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ዐድዋና ወደ ምጽዋ፤ በደቡብም ወደ ጎጃም የሚሄደው የነጋዴ መንገድ ከእርስዋ ይነሣ ነበር። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ በ1770 ወደ ጎንደር የወጣው በዚሁ በሊማሊሞ ዐቀበት ነው። በ1668 በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን በተደረገው ጉባኤ እስላሞች ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ከተወሰነ ወዲህም፤ ኋላ አዲስ ዓለም የተባለው ሰፈራቸው የሲራራ ነጋዴዎች መንደር ሆኖ ኖረ።

በእነዚህ መንገዶች ላይ ኬላ ነበረ። የኬላውና የገበያው አለቃ ነጋድራስ ይባላል። ቀራጩ የበቅሎውንና የአህያውን ጭነት ይቈጥራል፤ ነጋዴውም ቀረጡን በአሞሌ ጨው፤ ወይም በጠገራ ብር፤ ወይም ከዚያው ከጫነው ከፍሎ ይሰጣል። የዚህ የድሮ ቀረጥ በጎ ጠባዩ ግልጥነቱ ነበረ፤ ቀረጥ ተከፈለ ሲባል የከፈለውም የተቀበለውም ፊት ለፊት ይተያያሉና። ክፉ ጠባዩ ግን መደራረቡ ነበረ። ነጋዴው አንዱን ኬላ ቢያልፍ ሌላው ይጠብቀዋል፤ በአንድ ጭነት ላይ ቀረጥ በቀረጥ ይደረባል። ነጋዴውም በየኬላው የከፈለውን ሁሉ በዋጋው ላይ ጨምሮ ይሸጣል። ስለዚህ እጁን ዘርግቶ ቀረጡን የሰጠ ነጋዴው ቢሆንም፤ በመጨረሻ የከፈለው ኬላ በዐይኑ ዐይቶ የማያውቀው፤ በቤቱ የተቀመጠው ገዥ ነበረ። ይህንን አንድ ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ከዚህ በታች የምንናገረው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነውና።

መደራረብን ለማስቀረት ሞሪስ ሎሬ የተባለ የፈረንሳይ የግብር ሹም ያዘጋጀው ሥርዐት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1954 በአገሩ ተጀመረ። ሐሳቡ እያንዳንዱ ነጋዴ በጠቅላላው ዋጋ ላይ ሳይሆን እርሱ ራሱ በጨመረው ዋጋ ልክ ብቻ ለመንግሥት እንዲያስገባ ነው። በእኛም አገር በ1985 ዓ.ም. የወጣው የሽያጭና የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ሲሠራበት ከቆየ በኋላ፤ የሽያጩ ታክስ ተነሥቶ በእርሱ ፈንታ የተጨማሪ እሴት ታክስ በዐዋጅ ቁጥር 285/1994 ተደነገገ፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ልኩ ከመቶ 15 ነው። ሕዝቡ ቫት ብሎ የሚጠራው ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲታይ በሒሳብ እንግለጠው። አንድ አስመጪ አንድን የቤት ዕቃ ለጅምላ ሻጭ በ1,000 ብር ይሸጣል፤ በላዩም 150 ብር ቫት ይቀበላል እንበል። ጅምላ ሻጩ በ1,200 ብር ለባለ ሱቁ ሲሸጥ 180 ብር ቫት ይቀበላል፤ ነገር ግን አስቀድሞ 150 ብር ለአስመጪው ስለ ከፈለ ለመንግሥት የሚያስገባው 30 ብር ብቻ ነው። ባለ ሱቁም በ1,600 ብር ሲሸጥ 240 ብር ይቀበላል፤ የከፈለውን 180 ብር ቀንሶ 60 ብር ያስገባል። 150 እና 30 እና 60 ቢደመር 240 ይሆናል። ከሦስቱ ነጋዴዎች አንዱም ከራሱ ኪስ አልከፈለም፤ ሁሉም ተቀባይና አድራሽ ናቸው። 240 ብሩን የከፈለች በ1,840 ብር ዕቃውን ገዝታ ወደ ቤትዋ የገባች እመቤት ናት። ድሮ ኬላ ያላየው ገዥ እንደ ከፈለ፤ ዛሬም ከፋዩ ቤተ ሰብ ነው።

እንግዲህ ይህ ሥርዐት በገበያ መካከል ሱቅ ከፍቶ ለተቀመጠ ነጋዴ የተመቸ ነበር። ሱቁ የታወቀ ነው፤ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው በጠረጴዛው ላይ ነው፤ ገዥውም ደረሰኙን በእጁ ይዞ ይወጣል። ኋላ ግን ሱቅ የሌለው ሱቅ መጣ። በቴሌግራም፤ በፌስቡክና በቲክቶክ የዕቃውን ሥዕል አሳይቶ፤ ዋጋውን «በውስጥ መስመር ጠይቁን» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ በዛ። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፤ የባንኮቹም የስልክ መክፈያ ከተስፋፋ ወዲህ፤ ገንዘብ ከደባርቅ አዲስ አበባ ለመድረስ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ዕቃውም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን መንገድ በአውቶቡስ ተጭኖ ይመጣና፤ የደጋው ሰው ከመናኸሪያ ሄዶ ይቀበለዋል።

ለደጋው ነዋሪ ይህ መልካም ነገር መሆኑን አንክድም። ከጃናሞራ ወይም ከዳባት ተነሥቶ አንድ የትምህርት መጽሐፍ ወይም የልብስ ስፌት መኪና መለዋወጫ ፍለጋ ወደ ትልቅ ከተማ መውረድ የቀን መንገድና የማደሪያ ወጪ ነው፤ በስልክ ግን ዋጋ ከዋጋ አመዛዝኖ መምረጥ ይቻላል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት በቆየ ጊዜ፤ በዚህ መንገድ መግዛትና መሸጥ የለመደው ሁሉ ሥራው መታጐሉ ነገሩ ምን ያህል ከኑሮ ጋር እንደ ተሳሰረ ያስረዳል። ስለዚህ የምንጽፈው በስልክ አትግዙ ለማለት አይደለም፤ መጥና የደቈሰች እመቤት ወጥዋ እንደማይበላሽባት፤ በስልክ የሚገዛም ሒሳቡን አስቀድሞ ይመጥን ለማለት ነው።

በስልክ መስመር የሚሄድ ሽያጭ ግብርን ሲያመልጥ መንግሥታት ምን እንዳደረጉ ብንመለከት፤ ችግሩ የእኛ ብቻ አለመሆኑን እንረዳለን። በአሜሪካ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱ የሽያጭ ግብር አለው፤ ጥቂቶቹ ብቻ የላቸውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1967፤ ዳግመኛም በ1992፤ በአንድ ክፍለ ግዛት ውስጥ ቤት ወይም መጋዘን ወይም ወኪል የሌለው ሻጭ ግብሩን ሰብስብ ተብሎ አይገደድም ሲል ፈርዶ ነበር። በዚያን ጊዜ ክርክሩ በፖስታ ስለሚሸጡ ነጋዴዎች ነበር። ኋላ ኢንተርኔት በመጣ ጊዜ ግን ያው ፍርድ ለሩቁ ሻጭ ሰፊ መውጫ ሆነለት። ገዥው ራሱ ግብሩን እንዲያስታውቅ ሕግ ያዝዝ ነበር፤ ነገር ግን በቤቱ ተቀምጦ የገዛውን ቈጥሮ ለግብር ቢሮ የሚያስታውቅ እምብዛም አልተገኘም።

ከዚህ የተነሣ በገቢ ላይ ግብር የማያስከፍለውና ኑሮው በሽያጭ ግብር ላይ የሆነው የደቡብ ዳኮታ ክፍለ ግዛት ተጐዳ። በሕግም ከ100,000 ዶላር በላይ የሸጠ ወይም 200 ጊዜ የሸጠ የሩቅ ነጋዴ ግብሩን ይሰብስብ ብሎ ደነገገ። ዌይፌር የተባለው የቤት ዕቃ ሻጭና ሌሎችም ተከራከሩ። በመጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰኔ 14 ቀን 2010 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ ጁን 21 ቀን 2018) በአምስት ዳኞች ላይ አራት ዳኞች ተቃውመው፤ የቀደመውን ፍርድ ሽሮ ለደቡብ ዳኮታ ፈረደ። ከዚያ ወዲህ በሜሪላንድ የሚኖር ወንድማችን በስልኩ 100 ዶላር ጫማ ሲገዛ 6 ዶላር የሜሪላንድ ግብር የሚጨመርበት፤ ሻጩ በዚያ ሱቅ ስላለው ሳይሆን ገዥው በዚያ ስለሚኖር ነው።

አውሮፓውያንም ከ22 ዩሮ በታች የሆነ ዕቃ ከውጭ ሲገባ ቫት አይከፈልበትም ይሉ የነበረውን ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ አስቀሩት። አሜሪካም እስከ 800 ዶላር የሚደርስ ጥቅል ያለ ቀረጥ እንዲገባ ትፈቅድ የነበረውን ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ለአገሮች ሁሉ አቋረጠች። ከእነዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ ዕቃው ኬላ ሳያይ የሚያልፍ ከሆነ፤ ሕጉ ኬላውን ትቶ ሻጩን በሒሳቡና በደረሰኙ ይከተለዋል ማለት ነው።

በእኛም አገር ሕጉ በዚሁ መንገድ ሄዷል። በኤሌክትሮኒክ የሚደረግ ግብይት ሕጋዊ መሠረት እንዲኖረው ዐዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጣ። ከዚያም የቀድሞውን የቫት ሕግ የተካው ዐዋጅ ቁጥር 1341/2016 በአገራችን መደብር የሌለው የውጭ አገር ሰው በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለኢትዮጵያ ገዥ የሚሰጠውን አገልግሎት ከግብሩ በታች አገባው። ስለዚህ ፊልም ወይም ሙዚቃ ወይም በስልክ የሚሠራ ፕሮግራም ከውጭ አገር በወር ክፍያ የሚገዛ ቤተ ሰብ፤ በሒሳቡ ላይ ከመቶ 15 ተጨምሮ ቢያገኝ እንግዳ ነገር አይሁንበት። በአገር ውስጥ ላለውም ሻጭ ቢሆን ሱቁ በፒያሳ ይሁን በስልክ ውስጥ፤ ቫት ለመመዝገብ የሚያበቃ ሽያጭ ካለው ግዴታው አንድ ነው። በስልክ መሸጥ ከግብር ነጻ የሚያወጣ ማዕረግ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ቤታችን ሒሳብ እንመለስ። ከላይ በምሳሌ ያነሣነውን ዕቃ በቫት የተመዘገበ የስልክ ሻጭ በዚያው በ1,840 ብር ቢሸጥልንና ደረሰኝ ባይሰጠን፤ ለመንግሥት ማስገባት የነበረበት 60 ብር ከእርሱ ዘንድ ይቀራል። ዕቃው በድንበር ያለ ቀረጥ በኮንትሮባንድ የገባ ከሆነም 240 ብሩ ሁሉ ጠፋ ማለት ነው። በእኛ በኩል ያወጣነው ገንዘብ ግን አንድ ሳንቲም አልጐደለም። ግብሩን ከፍለናል፤ ግብሩ ግን አልተከፈለም። ደረሰኝ የሌለው ቫት ግብር ሳይሆን በግብር ስም የተወሰደ ትርፍ ነው።

አንዳንድ ሰው «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሃለሁ» ይባላል፤ እርሱም የተጠቀመ ይመስለዋል። ሻጩ 30 ብር ቢቀንስለት ከ60 ብሩ ግማሹን ተካፈሉ ማለት ነው። ነገር ግን በማግስቱ ዕቃው ተሰብሮ ቢገኝ፤ ወይም የተላከው ከታየው ሥዕል ጋር ባይስማማ፤ ገዥው የት ሄዶ ይከራከራል? የሻጩ ስም አይታወቅ፤ ቤቱ አይታወቅ፤ የቴሌግራሙ ገጽም በአንድ ሌሊት ሊጠፋ ይችላል። ደረሰኙ ለመንግሥት የግብር ምስክር እንደ ሆነ ሁሉ፤ ለገዥውም የመብቱ ምስክር ነው። በ30 ብር ይህን ምስክር መሸጥ ርካሽ ሽያጭ ነው።

ሁለተኛም ስለ ጐረቤት ማሰብ ያስፈልጋል። በአራዳና በፒያሳ ሱቅ ከፍቶ የሚሠራው ነጋዴ ኪራይ ይከፍላል፤ ሠራተኛ ያሳድራል፤ በየሽያጩ ደረሰኝ ይቈርጣል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የግብር አስተዳደር ዐዋጅ ደረሰኝ ላልሰጠ ነጋዴ በአንድ ሽያጭ 50,000 ብር ቅጣት ሲደነግግ፤ ይህ ክብደት በመጀመሪያ የወደቀው በሚታየው ሱቅ ላይ ነው። የማይታየው ሻጭ ከግብሩ አምልጦ ዋጋ ቢሰብር፤ ሕግ አክባሪው ሱቁን ይዘጋል፤ ወይም እርሱም መደበቅን ይማራል። እኛ ለብድር፤ ለዱቤና ለችግራችን ቀን የምንሮጠው ግን ወደዚያ ወደሚታየው ሱቅ ነው። ዕቃችንን በአውቶቡስ የሚያመጣልን መንገድም የሚጠገነው በጋራ ገንዘብ ነው፤ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ የወረደ ሰው መንገድ ያለ ጥገና ምን እንደሚሆን ያውቃል።

ነገር ግን ፍርድ በአንድ ወገን እንዳይሆን የትንሹንም ሻጭ ነገር እንናገር። በዳባት ወይም በጎንደር በቤትዋ ተቀምጣ ጥጥ ፈትላ፤ ጥለት አሠርታ፤ ቀሚሱን በስልክ የምትሸጥ እናት አለች። ሽያጭዋ ሕጉ ከወሰነው ዓመታዊ ልክ በታች ከሆነ በቫት የመመዝገብ ግዴታ የለባትም። ካልተመዘገበች ደግሞ «ከመቶ 15 ጨምሩ» ማለት አይገባትም፤ ተመዝጋቢ ያልሆነ ሰው ቫት የመሰብሰብ ሥልጣን የለውምና። ስለዚህ እንደዚህ ያለች ሻጭ ቫት ስላልጨመረች ሕግ ጥሳለች ብሎ መጠራጠር አይገባም። ወንጀሉ ያለው ሳይመዘገብ ቫት በሚጨምረው፤ ወይም ተመዝግቦ ቫቱን ተቀብሎ በሚደብቀው ላይ ነው። ሥራዋ አድጎ ልኩን ባለፈ ጊዜ ግን መመዝገብ ለእርስዋም ይጠቅማታል፤ ለክርና ለጨርቅ የከፈለችውን ቫት ከምታስገባው ላይ መቀነስ ትችላለችና፤ ትልልቅ ገዦችም ደረሰኝ ከሚሰጥ ሰው መግዛት ይወዳሉ።

ቫት በድኻውም በባለጸጋውም ላይ በአንድ ልክ የሚወድቅ ስለ ሆነ ገቢው ጥቂት የሆነውን ቤት ይበልጥ ይከብደዋል፤ ይህንን ሸሽገን ማለፍ አንወድም። ሕግ አውጪውም የሕክምናንና የትምህርትን አገልግሎት ከዚህ ግብር ነጻ ያደረገው ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ግብሩ ከበደ ብሎ ስለ ልኩ መነጋገር አንድ ነገር ነው፤ የተከፈለው ግብር በመንገድ እንዲቀር መፍቀድ ግን ሌላ ነገር ነው። በመንገድ የቀረው ገንዘብ ለድኻው አይመለስለትምና።

ከውጭ አገር በስልክ አዝዞ ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ደግሞ ሌላ ሒሳብ ይጠብቀዋል። በሥዕሉ ሥር የተጻፈው ዋጋ ዕቃው በሻጩ አገር ያለው ዋጋ እንጂ ጎንደር የሚደርስበት ዋጋ አይደለም። ለምሳሌ አንድ ዕቃ ከነማጓጓዣውና ከነኢንሹራንሱ 10,000 ብር ቢሆን፤ የጉምሩክ ቀረጡም ከመቶ 20 ነው ብንል፤ ቀረጡ 2,000 ብር ነው። ቫቱ በ12,000 ብር ላይ ስለሚታሰብ 1,800 ብር ይሆናል። ከመቶ 10 የሆነው ሱር ታክስ ደግሞ በ13,800 ብር ላይ ታስቦ 1,380 ብር ነው። በጠቅላላው 15,180 ብር መጣ ማለት ነው። ኤክሳይዝ ታክስ ያለበት ዕቃ ከሆነ ከዚህም ይበልጣል፤ ሌላም ክፍያ ሊኖር ይችላል። ከሜሪላንድ የላከው ወንድም «ግብሩን እኔ ከፍያለሁ» ቢል፤ የከፈለው የሜሪላንድን ግብር ነው፤ የእኛ ጉምሩክ አያውቀውም። ይህን ሳያስቡ አዝዘው ዕቃቸውን ከጉምሩክ ማውጣት ያቃታቸው ሰዎች አሉና አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

አሁን ለቤተ ሰብ የሚጠቅመውን ምክር ባጭሩ እንዘርዝር።

አንደኛ፤ ገንዘብ ከመላክ በፊት ጠቅላላ ዋጋው ይጠየቅ። «ዋጋው ቫትን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? መላኪያውስ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ነጋዴ ዋጋውን በግልጥ እንዲያሳይና ደረሰኝ እንዲሰጥ ደንግጓል፤ ስለዚህ ዋጋን በውስጥ መስመር መደበቅ ከሕጉ መንፈስ ጋር አይስማማም።

ሁለተኛ፤ ከመቶ 15 የሚጨምር ሻጭ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩንና የቫት ምዝገባውን ያሳይ። ሊያሳይ ካልወደደ ጭማሪውን መክፈል አይገባም።

ሦስተኛ፤ ከቴሌብር ወይም ከባንክ በስልክ የሚመጣው መልእክት ገንዘብ መላኩን ብቻ ይመሰክራል፤ የግብር ደረሰኝ ግን አይደለም። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን ያደባልቃል። እውነተኛው ደረሰኝ የሻጩን ስምና መለያ ቁጥር፤ ቀኑን፤ የዕቃውን ዐይነት፤ ዋጋውንና የቫቱን ልክ ለየብቻ ያሳያል። ከዕቃው ጋር በአውቶቡስ እንዲላክ አስቀድሞ መነጋገር ነው።

አራተኛ፤ ዋጋው ቫትን ጨምሮ የተነገረ እንደ ሆነ ግብሩን ለማወቅ ጠቅላላውን ለ115 አካፍሎ በ15 ማባዛት ነው። 1,840 ለ115 ቢካፈል 16 ይሆናል፤ በ15 ቢባዛ 240 ይሆናል። ይህንን የስድስተኛ ክፍል ልጅ ይሠራዋል፤ እንዲሠራውም መስጠት መልካም ትምህርት ነው።

አምስተኛ፤ በየቤቱ አንድ የሒሳብ ደብተር ይኑር። በስልክ የተገዛው ሁሉ በቀኑ ይጻፍበት፤ ደረሰኙም በውስጡ ይቀመጥ። የስልክ ገንዘብ በእጅ አይዳሰስምና ሳይታወቅ ያልቃል፤ በወሩ መጨረሻ ደብተሩን የገለጠ አባወራና እመቤት ግን ምን እንደ ወጣ፤ ከዚያም ውስጥ ምን ያህሉ ግብር እንደ ነበረ ያያሉ።

የመንግሥት ሥራ ለያዙት አንባብያን ደግሞ አንድ ቃል እንጨምራለን። ሻጭ በሕግ እንዲገዛ የምንፈልግ ከሆነ መመዝገብን ቀላል፤ ደረሰኝ መስጠትንም በስልክ የሚቻል ማድረግ ያስፈልጋል። በደባርቅ ያለች የቀሚስ ሻጭ ለአንድ ወረቀት ብዙ ቀን የምትመላለስ ከሆነ፤ ከሕግ ውጭ መኖርን የምትመርጠው በክፋት ሳይሆን በድካም ነው። የድሮ ነጋዴ በኬላ ብዛት ተማርሮ በጫካ መንገድ ይሾልክ እንደ ነበረ፤ የዛሬውም በቢሮ ብዛት ቢማረር በስልኩ ውስጥ መሾለኪያ አያጣም።

ኬላው ከሊማሊሞ መንገድ ላይ ከተነሣ ቆይቷል፤ ጭነቱን የሚቈጥር ቀራጭም በሩቅ ገበያ መካከል የለም። በሻጩና በመንግሥት መካከል የቀረው ምስክር ገዥው ብቻ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ በስልክ ዕቃ ስታዝዙ፤ ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት «ደረሰኙስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ መልካም ነጋዴ ከሆነ በጥያቄው ደስ ይለዋል፤ ካልሆነ ደግሞ ገንዘባችሁ ገና ከእጃችሁ ሳይወጣ ማንነቱን ታውቃላችሁ።